ስለ ተሳቢ ሞዞ፣ ስለ ፍሬን ታምቡርና ስለ ኩሽኔታ ለውጥ የተደረገ ዲስኩር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ ግቢ የሚስማማ ነው የሚል ሰው በመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ልማዳችን ሆኖ በአዳራሽ ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ምግባር መናገርን እንጂ፣ እጅ ስለሚያጠቁር ግራሶና ስለ ብረት ቀለበት መናገርን ክብር ያለው ነገር አድርገን አንቈጥረውምና። ነገር ግን ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ጋላፊን ተሻግሮ፣ በሎጊያና በሚሌ፣ ከዚያም በአዋሽና በአዳማ በኩል አድርጎ ስንዴውን፣ ማዳበሪያውንና የግንባታ ብረቱን እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ከነተሳቢው የሚንከባለለው በነዚሁ በተናቁት ቀለበቶች ላይ ስለሆነ፣ የሚበላውን እንጀራ የሚያከብር ሁሉ እንጀራውን ስላመጣው መንኮራኩር ጥቂት ቢሰማ ጊዜውን እንዳባከነ ሊቈጥረው አይገባም።

ነገሬን የምጀምረው ተሳቢ ድምፅ የሌለው ፍጥረት ነው በማለት ነው። ሞተር ሲታመም ያስላል፣ ያጨሳል፣ ኃይል ያጣል፤ የፊት ጎማ ሲታወክ መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የማርሽ ሳጥን ሲጐዳ ይጮኻል። ተሳቢው ግን ከሾፌሩ ጆሮ ከአሥር ሜትር በላይ ርቆ፣ በጭነትና በሸራ ተሸፍኖ፣ በአቧራ ውስጥ ተከትሎ የሚመጣ እንደመሆኑ መጠን፣ ከሞዞዎቹ አንዱ እየጋመ፣ ኩሽኔታው እየተፋጨ፣ ፍሬኑም ሳይለቅ ተጣብቆ እየተጐተተ ብዙ ኪሎሜትር ቢሄድ እንኳ የሚከስበት አፍ የለውም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ከኋላ የሚመጣ ሌላ ሾፌር መብራት እያበራ «ጎማህ ይጨሳል» ብሎ ሲያስቆመው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መፍትሔው ያለፈ፣ ዕዳው የቀረ ይሆናል። እንግዲህ የመኪናውን ጥገና በስሞታ፣ የተሳቢውን ጥገና ግን በቀን መቁጠሪያና በልኬት ማድረግ ግድ ነው የምልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውም ሁሉ የዚህ ሐሳብ ሐተታ ነው።

ስለ ኩሽኔታ አመጣጥ በአጭሩ ልናገርና ልለፍ። የጥንቱ ሠረገላ መንኮራኩር በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ላይ ተሰክቶ፣ ስብ ወይም ዝፍት እየተቀባ፣ እየተፋጨና እያቃሰተ ይሄድ ነበር። በኦሪት ዘጸአት የፈርዖን ሠረገሎች መንኮራኩራቸው ታውኮ በጭንቅ መነዳታቸውን ስናነብ፣ የመንኮራኩር ሕማም ከሠራዊት ሁሉ ኃይል እንደሚበልጥ የጥንት ሰዎችም ያውቁት እንደነበር እናያለን። በ1794 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ፊሊፕ ቮን የተባለው የዌልስ ሰው በሠረገላ ዘንግ ላይ ክብ ጥይቶች የሚንከባለሉበትን ኩሽኔታ አስመዘገበ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ይሠራ የነበረው ትውልደ ጀርመናዊው ሄንሪ ቲምከን፣ ከባድ ጭነት የጫነ ሠረገላ ወደ ጐን ሲታጠፍ መንኮራኩሩ የሚደርስበትን ግፊት ተመልክቶ፣ በ1898 አንድ ወገናቸው ወፍራም አንድ ወገናቸው ቀጭን የሆኑ ተንከባላዮች የተደረደሩበትን ኩሽኔታ አስመዘገበ። ዛሬ በተሳቢዎቻችን ሞዞ ውስጥ የምናገኘው ይህንኑ ዓይነት ነው፤ ምስጋናም የሚገባው ለሠረገላ ሠሪው እንጂ ለመኪና ሠሪው አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ መናገር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አካሉ እንግባ። ከአክስሉ ጫፍ የሚወጣው ቋሚ ብረት አይዞርም፤ የሚዞረው በላዩ የተሰካው፣ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ነው። በሞዞውና በቋሚው ብረት መካከል ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንደኛው ውሳጣዊው፣ ይኸውም ወደ ተሳቢው አካል የቀረበውና ከፍተኛውን ሸክም የሚሸከመው ትልቁ ነው፤ ሁለተኛው አፍአዊው፣ ይኸውም ወደ ውጭ ያለውና ትንሹ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቃራኒ ሆነው ስለሚቀመጡ፣ መኪናው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ቢታጠፍ አንዱ የሌላውን ግፊት ይከላከላል። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ደግሞ ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው በሞዞው ውስጥ ተመትቶ የሚገባው የውጭ ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው ተንከባላዮቹንና መያዣቸውን ይዞ በቋሚው ብረት ላይ የሚሰካው የውስጥ ቀለበት ነው። ከውሳጣዊው ኩሽኔታ ኋላ ግራሶው ወደ ፍሬኑ እንዳይፈስ፣ አቧራና ውሃም እንዳይገባ የሚጠብቀው ፓራሊዮ አለ። ከውጭ በኩል ዳዶው፣ የዳዶው መቈለፊያና መክደኛው ይገኛሉ። ታምቡሩ በሞዞው ላይ ታስሮ አብሮ ይዞራል፤ በውስጡም የፍሬን ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ጨረቃ መሰል ብረቶች ሳይዞሩ ይቀመጣሉ፤ የፍሬኑ ነፋስ ሲገፋ የኤስ ፊደል ቅርጽ ያለው ዘንግ ጫፍ ይዞርና ብረቶቹን ከፍቶ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ነገሩ ሁሉ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ሰውን ያሳስታል።

አሥር ቶን በሚሸከም አክስል ላይ እያንዳንዱ ሞዞ አምስት ቶን ይደርሰዋል። ዙሪያው ሦስት ሜትር ተኩል የማይሞላ ጎማ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ወደ 900 ኪሎሜትር የሚጠጋ መንገድ ለመጨረስ ከ260 ሺህ ጊዜ ያላነሰ ይዞራል። ይህን ሁሉ ሸክምና ይህን ሁሉ ዙር የሚችለው በተንከባላዩና በቀለበቱ መካከል ያለው ለዓይን የማይታይ ስስ የቅባት ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ሲጠፋ ብረት ብረትን ይበላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለንብረቶች የማይቀበሉትን፣ እኔ ግን አጥብቄ የምይዘውን ነገር ልናገር፤ ሞዞ፣ ታምቡርና ኩሽኔታ በስም ሦስት ሆነው ይለያዩ እንጂ የሚታመሙት ባንድ ሕማም ነው። ኩሽኔታው ሲላላ ሞዞው ይወላገዳል፤ ሞዞው ሲወላገድ የፓራሊዮው ከንፈር ይበላል፤ ፓራሊዮው ሲበላ ግራሶው ወደ ፍሬን ሸራው ይፈስሳል፤ ሸራው ግራሶ ሲጠጣ ያ ጎማ ፍሬን አይዝም፤ እርሱ ያልያዘውን ደግሞ ሌሎቹ ጎማዎች ይይዙለትና ታምቡሮቻቸው ከልክ በላይ ይግላሉ፤ የታምቡሩ ግለት ወደ ሞዞው ዘልቆ ግራሶውን እንደ ዘይት ያቀጥነዋል፤ ቀጥኖም ይፈስሳል፤ የሌላው ጎማ ኩሽኔታም በተራው ይደርቃል። ክበቡ በዚህ ዓይነት ይዞራል። ስለዚህ «ታምቡሩን ብቻ ቀይርልኝ፣ ኩሽኔታው ገና ነው» ወይም «ሸራውን ብቻ አስለብጥልኝ» የሚለው ትእዛዝ ኪስን የሚያስደስት ቢሆንም፣ ሞዞው አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ፓራሊዮውን ሳይለውጡ፣ ኩሽኔታውን ሳያጥቡና ሳይመረምሩ፣ ታምቡሩን ሳይለኩ መልሶ መግጠም ለሚቀጥለው ብልሽት ቀጠሮ መስጠት ነው። ፓራሊዮ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ትንሹ ነው፤ የሚያድነው ግን ትልቁን ነው።

አሁን ስለ ታምቡር በሰፊው ልናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በሀገራችን መሬት ጠባይ ታምቡር የሚፈተነው በሜዳ ላይ ሳይሆን በቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ፣ ወይም ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ ሾፌር በመካከላችሁ የለም። የዓባይን ሸለቆ ብቻ እንውሰድ፤ ቁልቁለቱ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ መኪና ከነተሳቢው ይህን ያህል ሲወርድ ከክብደቱ የሚለቀቀው ኃይል በፊዚክስ ሒሳብ ሲሰላ ወደ 550 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል፤ ይህም ከ1,600 ሊትር የማያንስ ቀዝቃዛ ውሃን እስከ ፍላት ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ነፋሱና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፤ ሾፌሩ ብልህ ከሆነና ገና ከአፋፉ ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ፍሬን ከወረደ ደግሞ ብዙውን ሞተሩ ይወስድለታል። ማርሹን አቅልሎ በፔዳሉ ብቻ የወረደ እንደሆነ ግን የቀረው ሁሉ የሚሄደው ወደ ታምቡሮቹ ነው። አንድ የከባድ መኪና ታምቡር ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ አሥራ ሁለት ታምቡሮች አሉ ብንል 600 ኪሎ ብረት ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሳይበርድ በዚህ ብረት ውስጥ ቢከማች ኖሮ ብረቱ ከመቅለጫው ባለፈ ነበር። የማይቀልጠው ነፋስ እያበረደው ስለሚሄድ ነው፤ ነገር ግን ከመቅለጥ በታች ብዙ የጥፋት ደረጃዎች አሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ መስፋት ነው። 420 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ታምቡር ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ቢጨምር ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ሸራው ታምቡሩን ለማግኘት ረዥም መንገድ መሄድ አለበት፤ የፍሬን ማጥበቂያው አስቀድሞ በልኩ ያልተስተካከለ እንደሆነ የነፋሱ ገፊ ዘንግ መጨረሻው ላይ ይደርስና ፔዳሉ ቢረገጥም የሚጨምር ነገር አይኖርም። ሁለተኛው የሸራው ሕማም ነው፤ ሸራው ከልኩ በላይ ሲግል ፊቱ ይለሰልስና መያዙን ይተዋል። ሦስተኛው የታምቡሩ የራሱ ቁስል ነው፤ በውስጥ ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣሉ፤ አንዳንድ ሥፍራም ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ይጠነክራል። ፀጉር መሰሎቹ ስንጥቆች ጥልቀት ከሌላቸው ሊታገሡ ይችላሉ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጋ ወይም ወደ ውጭ የዘለቀ ስንጥቅ ግን ታምቡሩን ወዲያውኑ ያስጥላል፤ በብየዳ የሚድንበት መንገድም የለም። ከሁሉ የከፋው ግን ከሸለቆው ወለል ሲደርሱ በሚጨሰው ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ነው፤ የጋመ ፈሰስ ብረት በድንገት ሲበርድ ይሰነጠቃል፤ የሚጨሰውን መኪና አቁሞ፣ ጎማውን ታኮ አድርጎ፣ በነፋስ እንዲበርድ መጠበቅ ግን ከጊዜ በቀር የሚያስከፍለው የለም።

ታምቡር ሲበላ ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የተለመደ ነው። እኔ ልማዱን በጠቅላላው አልነቅፍም፤ ፊቱ ቦይ ቦይ የሆነ ታምቡር አዲስ ሸራን በጥቂት ቀን ስለሚጨርስ፣ መላጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። የምነቅፈው ያለ ልኬት መላጥን ነው። ስፋቱ አሥራ ስድስት ኢንች ተኩል፣ ይኸውም 419 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው የአሜሪካ ታምቡር ሊጣል የሚገባው ስፋቱ በሦስት ሚሊሜትር ያህል ሲጨምር ነው፤ መላጫው ደግሞ ከዚህ በፊት፣ በሁለት ሚሊሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም ከተላጠ በኋላ በመንገድ ላይ ለሚበላው ቦታ ሊተውለት ይገባል። የመጨረሻው ልክ ብዙውን ጊዜ በራሱ በታምቡሩ አካል ላይ በቀረጻ ተጽፎ ይገኛል፤ ዝገቱን በብሩሽ ጠርጎ ማንበብ ብቻ ነው። ከልኩ ያለፈ ታምቡር የሚይዘው ብረት ስላነሰ ቶሎ ይግላል፤ ቶሎ ስለሚግልም ቶሎ ይሰነጠቃል። አንድ ታምቡር ሲለወጥ በዚያው አክስል ላይ ያለው ጓደኛውም አብሮ ሊለወጥ ወይም ልካቸው እኩል ሊሆን ይገባል፤ ባይሆንማ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይይዝና ተሳቢው በዝናብ ጊዜ ከመንገዱ ወደ ጐን ይጐተታል። ሸራውም በመካከሉ ወደ ስድስት ሚሊሜትር ሲወርድ ጊዜው አብቅቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ሥራው የሚጀመረው በቁልፍ ሳይሆን በታኮ ነው። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ ለማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው፤ ተሳቢው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ክብደቱ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር መግባት ድፍረት ሳይሆን ነፍስን መፈታተን ነው። የእጅ ፍሬኑ በሞላ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ነፋስ ሳይሞላ ታምቡሩ አይለቅም፤ ስለዚህ ወይ ነፋስ ይሞላል፣ ወይም ሞላው በራሱ መጠበቂያ ቡሎን ይታሰራል፤ የሞላውን ክፍል ክዳን መፍታት ግን በማናቸውም ምክንያት የተከለከለ ነው፤ በውስጡ የተጨመቀው ኃይል ሰው ይገድላልና። ቀጥሎ የፍሬን ማጥበቂያው ይላላል፤ ሸራው ከታምቡሩ ይርቅና ሞዞው ሳይታገል ይወጣል። መክደኛው፣ መቈለፊያው፣ ዳዶው በየተራ ይወጣሉ፤ ሞዞውን ትንሽ ሲስቡት አፍአዊው ኩሽኔታ ራሱ ወደ እጅ ይመጣል፤ ከዚያ ሞዞው ከነታምቡሩ ይነሣል። ክብደቱ የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ አንድ ረዳት ብቻውን ተሸክሞ ሲወላገድ የቋሚው ብረት ጥርስ እንዳይጐዳ ይጠንቀቅ። በታምቡሩ ውስጥ የተከማቸውን ዱቄት በነፋስ ማራገፍ ክፉ ልማድ ነው፤ የቀድሞዎቹ ሸራዎች አስቤስቶስ ያለባቸው ስለነበሩ፣ ዱቄቱም ለሳንባ ካንሰርና ለሌላም ሕማም ምክንያት ስለሚሆን፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ኩሽኔታው በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ ታጥቦ ሲደርቅ ታሪኩን ይናገራል፤ ለመስማት ግን ብርሃንና ትዕግሥት ያስፈልጋል። (በነፋስ እያሽከረከሩ ማድረቅ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው አለ፤ ተንከባላዩ ከመያዣው ወጥቶ ዓይን ሲያጠፋ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል።) የተንከባላዩ ፊት እንደ ቆዳ ተልጦ ቅርፊት ከረገፈ፣ ድካሙ ደርሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ቅባት አጥቶ ግሏል። በቀለበቱ ላይ በተንከባላዮቹ ልክ የተራራቁ ጥቋቁር መስመሮች ከታዩ፣ ውሃ ገብቶበት ለብዙ ጊዜ ቆሟል፤ ጎርፍ አቋርጦ ለሳምንታት የቆመ ተሳቢ ይህን ምልክት ይሸከማል። በመስመሮቹ ፈንታ ጐድጓዳ ጠባሳዎች ከሆኑ ደግሞ፣ ኩሽኔታው ሲገጠም በመዶሻ ተመትቷል። ከነዚህ አንዱ የታየበት ኩሽኔታ አይመለስም። ሲለወጥም ሁለቱ ወገኖቹ አብረው ይለወጣሉ፤ አዲሱን የውስጥ ቀለበት በአሮጌው የውጭ ቀለበት ላይ ማስኬድ፣ የአንዱ መበላት በሌላው ላይ ስለሚታተም፣ አዲሱን በአሮጌው ዕድሜ መክሰስ ነው።

በሱቅ ስትገዙ ቁጥሩን ማንበብ ልመዱ። ለምሳሌ በብዙ የ12 እና የ13 ቶን የተሳቢ አክስሎች ላይ ውሳጣዊው 33118፣ አፍአዊው 33213 የሚል ቁጥር ይዞ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ሚሊሜትራዊ ቁጥር የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በአምስት ብታበዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ታገኛላችሁ፤ 18 በአምስት 90 ሚሊሜትር፣ 13 በአምስት 65 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ የሚጠራው መጠኑን እንጂ ጥራቱን አይደለም፤ በአንድ ቁጥር የተጻፉ ሁለት ኩሽኔታዎች አንዱ ለዓመታት፣ አንዱ ለአንድ ምልልስ ብቻ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሐሰት ማሸጊያም በገበያው ሞልቷልና፣ ከማን እንደምትገዙ ዕወቁ፣ ደረሰኙንም ያዙ።

የውጭው ቀለበት በሞዞው ውስጥ በኃይል ተመትቶ መግባት አለበት። በእጅ ተገፍቶ የገባ እንደሆነ ሞዞው ራሱ ተበልቷል። በአንዳንድ ጋራዦች የሞዞውን ውስጥ ነጥብ ነጥብ እየወጉ ወይም ቆርቆሮ እየሸጐጡ ቀለበቱን ለማጥበቅ ይሞክራሉ፤ ይህ ለአንድ ቀን መንገድ እንኳ የማልመክረው ሥራ ነው፤ ቀለበቱ በሸክም ውስጥ መዞሩን አይተውምና ሞዞው መለወጥ አለበት። የተበላውን የአክስል ጫፍ በብየዳ ሞልቶ መላጥም እንዲሁ ነው፤ ብየዳው የብረቱን ጠባይ ስለሚለውጠው ስብራቱ የሚመጣው ከብየዳው ዳር ነው። አዲሱ ቀለበት ሲገባ ከልዝብ ብረት በተሠራ ቀጥ ያለ መምቻ ዙሪያውን እኩል እየተመታ፣ ድምፁ እስኪለወጥ ድረስ፣ ይኸውም ከወለሉ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይገፋል። ግራሶው በመዳፍ ተይዞ በተንከባላዮቹ መካከል ከወፍራሙ ወገን እየተገፋ በቀጭኑ ወገን እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ ብቻ መቀባት ሞላሁ አያሰኝም። የተለያየ ዓይነት ግራሶ አይቀላቀል፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ቀጥነው ይፈስሳሉና።

የሥራው ሁሉ አክሊል የዳዶው ማስተካከያ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። ልማደኛው መካኒክ ዳዶውን አጥብቆ «ትንሽ መልሰው» ይላል፤ ያ «ትንሽ» በየሰዉ እጅ የተለያየ ነው። ኩሽኔታ ሲጠብቅ ይግላል፤ ሲላላ ይወላገዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ትክክለኛ ልቅነት ግን በሚሊሜትር መቶኛ ክፍሎች የሚለካ ነው። የአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ማኅበራት የተቀበሉት ሥርዓት እንዲህ ይላል፤ ሞዞው በእጅ እየዞረ ዳዶው እስከ 270 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ይህም ተንከባላዮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይላላል። እንደገና ሞዞው እየዞረ እስከ 68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በመጨረሻም ሩብ ዙር ተመልሶ ይቈለፋል። ኃይል የሚለካ ቁልፍ ለሌለው ጋራዥ ሒሳቡን ልስጠው፤ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ማንሻ ጫፍ ላይ 55 ኪሎ ያህል ክብደት መጫን 270 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ 14 ኪሎ ያህል መጫን ደግሞ 68 ይሰጣል። የተቈለፈው ሞዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባል፤ ትልቁ ልክ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ብዙ የማይበልጥ ስለሆነ፣ በእጅ ስሜት ብቻ «ልክ ነው» ማለት አይቻልም፤ ባለ መርፌ መለኪያ በሞዞው ላይ አስቀምጦ ማንበብ ይገባል። መለኪያው ከአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ብዙ አይርቅም፤ የሚያገለግለው ግን ለብዙ ዓመት ነው። አምራቹ ለአክስሉ የተለየ ሥርዓት የጻፈ እንደሆነ ግን ከኔ ቃል ይልቅ የአምራቹን ጽሑፍ ተከተሉ።

ተሳቢው ከጋራዥ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። የጎማው ዳዶዎች በመጀመሪያው ከ80 እስከ 160 ኪሎሜትር ውስጥ ቀለሙና ዝገቱ ተጨፍልቆ ስለሚላሉ፣ መኪናው ቆሞ እንደገና ሊጠብቁ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው አዳማ ላይ መቆም በቂ ነው። በሚቀጥሉት ማረፊያዎችም ረዳቱ የሁሉንም ሞዞ መክደኛ በእጁ ጀርባ ቀርቦ ይመርምር፤ ሳይነካ ግለቱ የሚሰማ ከሆነ አይንካው። ሁሉም እኩል ሞቀው አንዱ ብቻ የጋለ ከሆነ የዚያ ኩሽኔታ ወይም ፍሬን ታሟል፤ አንዱ ብቻ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም፣ ያ ጎማ ፍሬን እየያዘ አይደለም። በሚሌ የበጋ ሙቀት ጥላው ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ሰዓት ሞዞዎቹ ሁሉ መሞቃቸው አይቀርም፤ የሚፈለገው ልዩነቱ ነው።

ለባለንብረቶች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለእያንዳንዱ ተሳቢ አንድ ደብተር ይኑረው፤ በደብተሩም ለእያንዳንዱ አክስል ግራና ቀኝ አንድ አንድ ገጽ ተሰጥቶ፣ ሞዞው የተነሣበት ቀን፣ መኪናው በዚያን ቀን የነበረው ኪሎሜትር፣ የታምቡሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ የሸራው ውፍረት፣ የኩሽኔታው ቁጥርና የተገዛበት ሱቅ፣ በመጨረሻም በመለኪያው የተነበበው ልቅነት ይጻፍ። ሾፌር ይለወጣል፣ ረዳትም ይለወጣል፣ መካኒኩም ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል፤ ደብተሩ ግን ከተሳቢው ጋር ይቆያል። ለረዳቱም በደሞዙ ላይ ጥቂት ጨምሩለት፤ በየማረፊያው በፀሐይ ተንበርክኮ አሥራ ሁለት ሞዞ የሚመረምር ልጅ ከተሳቢው ውስጥ ካለው ጭነት ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ ይሠራል።

የንግግሬ ክፍል በዚህ ያበቃል። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ግቢ አንድ አክስል ሁለቱም ሞዞዎቹ ተነሥተው፣ አንዱ ታጥቦ፣ አንዱ እንደ ወጣ ሳይታጠብ ተዘርግቶ ይጠብቀናል፤ መለኪያዎቹና አዲሶቹ ኩሽኔታዎችም በጠረጴዛው ላይ አሉ። እጁን ማቆሸሽ የማይፈራ ሁሉ ይከተለኝ፤ ጥያቄ ያላችሁም እዚያው ብረቱን እያያችሁ ብትጠይቁኝ ይሻላል።